ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና እኛ የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን ለማክበር ይህን መጽሔት ሲያዘጋጅ እያንዳንዱ ክፍል አንድ አንድ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ታዘዘ። እኛም የ12ኛ ክፍል የኅብረተሰብ ሳይንስ ተማሪዎች ስለ ምን እንጻፍ ብለን ብዙ ቀን ተከራከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ስፖርት፣ አንዳንዶቻችንም ስለ ሰፈራችን ስለ ካዛንቺስ ይሁን አልን። በመጨረሻ ግን አንድ ጥያቄ ሁላችንንም አስማማን። በኤኮኖሚክስ ትምህርታችን የስኮትላንዱን አዳም ስሚዝን፣ የእንግሊዙን ሪካርዶን እናነባለን፤ ነገር ግን ከገዛ አገራችን ተነሥቶ በገዛ ቋንቋችን ስለ ሀብትና ስለ ድህነት ምክንያት የጻፈ ሰው ይኖር እንደ ሆነ ጠይቀን አናውቅም ነበር። መምህራችንን ብንጠይቃቸው ፈገግ ብለው የአንድ ሰው ስም ነገሩን፤ ወደ ቤተ መጻሕፍትም ላኩን። ያም ሰው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው።

ስለ እርሳቸው ለመጻፍ የመረጥንበት ሌላም ምክንያት አለን። 11ኛ ክፍል ስንገባ መንገዱ የተፈጥሮ ሳይንስና የኅብረተሰብ ሳይንስ ተብሎ ለሁለት በተከፈለ ጊዜ፣ ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ጋር ሳንግባባ ሰንብተናል። ወላጅ ልጁ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆንለት ይመኛል፤ ይህም ምኞት የሚነቀፍ አይደለም። የኤኮኖሚክስን ትምህርት ግን እንጀራ የማያበላ፣ ማንም ባለሱቅ ሳይማር የሚያውቀው ነገር አድርገው የሚቆጥሩ አልጠፉም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በወጣትነታቸው የተማሩት ሕክምና ነበር። ኋላ ግን የአገራቸውን ሕመም በተመለከቱ ጊዜ፣ መድኃኒቱ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ የማይገኝ መሆኑን ተረዱ። ስለዚህ የሕይወት ታሪካቸው ለእኛ ለተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ለወላጆቻችንም የሚነገር ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በትግራይ በዐድዋ አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው አቶ ባይከዳኝ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወታደር ነበሩ። በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመተማ ከድርቡሾች ጋር ተዋግተው በወደቁ ጊዜ፣ የሕፃኑ አባትም በዚያው ጦርነት ሞቱ። ልጁ በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር።

ያ ዘመን በአገራችን ታሪክ ክፉ ቀን ተብሎ የሚጠራው ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በሬ ያጣው ገበሬ መሬቱን ማረስ አልቻለም፤ ያልታረሰውም መሬት እህል አላበቀለም። ከዚያ በኋላ ረኃብ፣ ከረኃቡም ጋር ወረርሽኝ ተከታተለ። መሬቱ ያው መሬት፣ ሰዉም ያው ሰው ሆኖ ሳለ፣ አንድ የሥራ መሣሪያ ብቻ ስለ ጠፋ አገር ሁሉ ተራበ። እኛ በመማሪያ መጽሐፋችን መሬት፣ ጉልበትና ካፒታል እያልን የምንሸመድደውን ነገር የዚያ ዘመን ሕፃናት በሆዳቸው ተምረውታል ማለት ነው። ገብረ ሕይወትም ከእነዚያ ሕፃናት አንዱ ነበሩ።

አባት የሌላቸው ሕፃን በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። ምጽዋ በዚያን ጊዜ በኢጣሊያ እጅ የነበረች የባሕር በር ናት። እንደሚተረከው፣ አንድ ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ወደብ ላይ የቆመ መርከብ ለማየት ገቡ። የመርከቡ ትልቅነት ያስደነቃቸው ልጅ ሲወጣ አብረው አልወጡም፤ ተደብቀው ቀሩ። መርከቡም መልሕቁን አንሥቶ ሄደ። ካፒቴኑ ይህን የደረሰለትን እንግዳ ባገኘ ጊዜ ወደ ባሕር አልወረወረውም፤ አውሮፓ አድርሶ ለአንድ የኦስትሪያ ባለጸጋ ቤተ ሰብ አስረከበው። ቤተ ሰቡም እንደ ልጅ ተቀብሎ አሳደጋቸው፤ አስተማራቸውም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የጀርመንኛ ቋንቋ አጥንተው በበርሊን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተማሩ። በዚያን ጊዜ ጀርመን በፋብሪካ፣ በባቡር ሐዲድና በትምህርት ቤት ብዛት ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር የምትሽቀዳደም አገር ነበረች። ከዚህም በላይ ጃፓን የምትባል የእስያ አገር ልጆቿን ወደ ውጭ እየላከች ዕውቀት በማስገባትዋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከኃያላን ተርታ መግባትዋ በየጋዜጣው ይነገር ነበር። ይህን ሁሉ የሚመለከት ኢትዮጵያዊ ወጣት፣ አገሬስ ለምን እንዲህ አልሆነችም ብሎ ሳይጠይቅ ሊያድር አይችልም። ኋላ በጽሑፋቸው ጃፓንን ለኢትዮጵያ ምሳሌ አድርገው ያቀረቡት ከዚህ የተነሣ ነው።

ትምህርታቸውን ከጨረሱ በኋላ በምቾት አውሮፓ ሊቀመጡ ሲችሉ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። በሕፃንነታቸው ከአገር ስለ ወጡም፣ አማርኛን ለመጻፍ እስኪበቁ ድረስ ደክመው አጠኑ። በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አካባቢም በአስተርጓሚነትና በጸሐፊነት ሥራ አገለገሉ። ነገር ግን ጊዜው የንጉሠ ነገሥቱ ሕመም የጸናበት፣ ሥልጣን ወዴት እንደሚያልፍ የማይታወቅበት፣ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ የሚተያይበት ጊዜ ነበር። የጀርመን ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱን ሊያክም በመጣ ጊዜ በቤተ መንግሥት የተነሣው ሽኩቻ አስተርጓሚውንም ነካ። ገብረ ሕይወት የእቴጌ ጣይቱ ወገኖች ስላላመኗቸው ከአገር ወጥተው በሱዳን በስደት ተቀመጡ።

ስደት ለብዙ ሰው የቂም ጊዜ ነው፤ ለእርሳቸው ግን የማሰቢያ ጊዜ ሆነ። «ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው የመጀመሪያ ጽሑፋቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 የስዊድን ሚሲዮን በአስመራ ባሳተመው «ብርሃን ይሁን» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። ጽሑፉ የሚጀምረው ስለ ታሪክ አጻጻፍ በመናገር ነው። ታሪክ የሚጽፍ ሰው ነገሩን አጥርቶ ማየት፣ ለአንዱ ወገን ሳያዳላ መፍረድና ያየውን በደህና ቋንቋ መግለጽ እንዳለበት ያሳስባሉ። ከዚህም ተነሥተው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ስለ ዐፄ ምኒልክ የጻፉትን የታሪክ መጽሐፍ፣ ንጉሡን ለማወደስ ሲባል ሌሎቹን ነገሥታት አለአግባብ ዝቅ አድርጓል ሲሉ ነቀፉት። ይህን ስናነብ የተማርነው ነገር አለ፤ አገርን መውደድ ማለት ማመስገን ብቻ አለመሆኑን።

ወደ ጽሑፉ መጨረሻም በዚያን ጊዜ ዙፋኑን ለሚጠባበቁት ለልጅ ኢያሱ የሚሆን ምክር በዝርዝር አቀረቡ። ምክሩ እንደሚከተለው ነው። የመንግሥት ገንዘብና የንጉሥ የግል ገንዘብ ይለያይ። ግብር በመሬቱ መጠን ተወስኖ በገንዘብ ይከፈል እንጂ በአለቃው ፈቃድ አይሁን። ሹምም ሆነ ወታደር ከገበሬው ቤት መብላቱን ትቶ ከመንግሥት ደመወዝ ይቁረጥ። ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ ዳኛ ሁሉ በእርሱ ይፍረድ። የአገሪቱ ገንዘብ አንድ ይሁን። በየመንገዱ ያለው ኬላ ተነሥቶ ቀረጥ በድንበር ላይ ብቻ ይከፈል። ትምህርት ቤት ይከፈት። ለሰውም የሃይማኖት ነጻነት ይሰጠው።

እነዚህን ነገሮች ዛሬ ስናነባቸው ማንም የሚያውቃቸው ይመስላሉ። በዚያን ጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። አንድ ነጋዴ ከጎጃም ወይም ከወለጋ ተነሥቶ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ በየኬላው እየቆመ ደጋግሞ ቀረጥ ይከፍል ነበር፤ ስለዚህ ዕቃው ከቦታው ሲነሣ የነበረው ዋጋና ገበያ ሲደርስ የሚጠየቅበት ዋጋ አይገናኝም። በገበያው የሚዘዋወረው ትልቁ ገንዘብ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር ሲሆን፣ ከእርሱም ጋር አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር። ገበሬውም ከግብሩ በላይ በቤቱ የሚመራበትን ወታደር መቀለብ ግዴታው ነው። ብዙ ያመረተ ገበሬ ብዙ የሚወሰድበት ከሆነ፣ ለምን ብሎ ብዙ ያመርታል? እኛ በክፍል ውስጥ ስለ ሥራ ማበረታቻ ስንማር ይህን ምሳሌ ብናገኘው ኖሮ ትምህርቱ ከመቼውም ይልቅ በገባን ነበር።

ገብረ ሕይወት ወደ አገራቸው ተመልሰው በልጅ ኢያሱ ዘመን ሥራ ተሰጣቸው። መጀመሪያ በቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት፣ ቀጥሎም የጅቡቲና የአዲስ አበባ የባቡር ሐዲድ ተቆጣጣሪ ሆኑ፤ በመጨረሻም የድሬዳዋ ነጋድራስ ተባሉ። ነጋድራስ የሚባለው ማዕረግ በጥንት ጊዜ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ሲሆን፣ በዚያን ዘመን የገበያና የጉምሩክ ሹም ማለት ነበር። ድሬዳዋም ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ ወደ አገር የሚገባውና ከአገር የሚወጣው ዕቃ በዚያ ያልፍ ነበር። ስለዚህ በመጽሐፍ ያሰቡትን ነገር አሁን በየቀኑ በዓይናቸው የሚያዩበት ቦታ ላይ ተቀመጡ። በአንዱ ፉርጎ ቡና፣ ቆዳ፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ሲወጣ፣ በሌላው ፉርጎ አቡጀዲና ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃ ሲገባ ማየት የዘወትር ሥራቸው ሆነ።

ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የቆመበትም ቦታ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ለገሃር ነው፤ ስሙም የባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ብዙዎቻችን ወደ ትምህርት ቤት ስንመላለስ በዚያ በኩል እናልፋለን። አሮጌው ባቡር ከአገልግሎት ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም ጣቢያው አሁንም ቆሞ ይታያል። ይህን ጽሑፍ እስክናዘጋጅ ድረስ ግን ከዚያ ሐዲድ ጋር የተያያዘ ሐሳብ በአንድ ኢትዮጵያዊ መጽሐፍ ውስጥ መኖሩን አናውቅም ነበር።

ሐሳቡ የሚገኘው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው በሁለተኛው መጽሐፋቸው ነው። ትልቁ ሥራቸው ይህ ነው። በዚህ መጽሐፍ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት አንድን ሕዝብ ባለጸጋ የሚያደርገው ምን እንደ ሆነ ከሥር ጀምረው ይመረምራሉ። እንደ እርሳቸው አስተያየት ሀብት ማለት በጎተራ ያለ ወርቅና ብር አይደለም፤ ሀብት ከሰው ሥራ ይወጣል። ሥራም ፍሬው የሚበዛው ዕውቀት ሲጨመርበት ነው። ዕውቀት ያለው ሕዝብ በጥቂት ጊዜ ብዙ ይሠራል፤ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ በብዙ ጊዜ ጥቂት ይሠራል። እነዚህ ሁለት ሕዝቦች በገበያ ሲገናኙ፣ አንዱ ሌላውን ሳይዘርፈውና ሳይወጋው፣ በፈቃድና በስምምነት ብቻ የአንዱ ልፋት ወደ ሌላው ያልፋል።

ይህን በራሳችን ምሳሌ እናስረዳ። አንድ ገበሬ ቡናውን ኮትኩቶ፣ ለቅሞና አድርቆ ለገበያ ለማቅረብ 30 የሥራ ቀን ፈጀበት እንበል። በውጭ አገር ያለ የፋብሪካ ሠራተኛ ደግሞ በመኪና እየተረዳ በ1 ቀን ብዙ ክንድ ጨርቅ ሠራ። ቡናውና ጨርቁ በገበያ ዋጋቸው እኩል ሆኖ ቢለዋወጡ፣ ገበሬው የ30 ቀን ልፋቱን ሰጥቶ የ1 ቀን ልፋት ተቀበለ ማለት ነው። ማንም አልሰረቀውም፤ ሚዛኑም ትክክል ነው። ነገር ግን ገበሬው በዓመቱም በዚያው ቦታ ሲገኝ፣ ፋብሪካው ሌላ መኪና ይጨምራል። እንግዲህ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባቡር ብቻውን አገርን ሀብታም እንደማያደርግ ያስጠነቀቁት ስለዚህ ነው። የሚሠራ እጅና የሚያስብ ጭንቅላት በአገር ውስጥ ካልተዘጋጀ፣ ባቡሩ የባዕድ ዕቃ ወደ ውስጥ የሚዘልቅበት መንገድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዕዳና ንግድ ተደራርበው የአንድን አገር ነጻነት ያለ ጦርነት ሊወስዱ እንደሚችሉም አሳስበዋል። ይህ የተጻፈው በዐድዋ የተገኘው ድል ገና ትኩስ በነበረበት ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል። ሕዝቡ ጠላት በጠመንጃ እንጂ በሸቀጥ ይመጣል ብሎ አይጠረጥርም ነበር።

ስለዚህ ነገር በክፍላችን የተደረገውን ክርክር ሳንጠቅስ ብናልፍ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል። ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ፣ ሪካርዶ በ1817 በጻፈው መጽሐፍ የእንግሊዝን ጨርቅና የፖርቱጋልን የወይን ጠጅ ምሳሌ አድርጎ፣ ሁለት አገሮች እያንዳንዳቸው በሚሻላቸው ሥራ ላይ ቢተጉና ቢለዋወጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ ብሎ አስረድቷል፤ እንግዲህ ነጋድራሱ ተሳስተዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌላዋ ተማሪ ስትመልስ፣ ሁለቱም መጠቀማቸው አንድ ነገር ነው፤ ማን ምን ያህል ተጠቀመ፣ ከ50 ዓመት በኋላስ ማን የት ደረሰ የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው አለች። መምህራችንም ለማንኛቸውም ሳይፈርዱ፣ ይህ ጥያቄ በታላላቅ ሊቃውንት ዘንድ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው፤ ልዩነቱ እናንተ የምትከራከሩት በአገራችሁ ሰው ሐሳብ መሆኑ ነው አሉን። ያን ዕለት ደወሉ ሲደወል ከክፍል ለመውጣት የቸኰለ ተማሪ አልነበረም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት የሐሳባቸውን ፍሬ ለማየት አልታደሉም። በ1911 ዓ.ም. ገና በ33 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ። ሁለተኛው መጽሐፋቸውም በሕይወታቸው ሳሉ አልታተመም። የጻፉት ወረቀት ከእርሳቸው ጋር ተቀብሮ እንዳይቀር ያደረጉት አቶ ጳውሎስ መናመኖ የተባሉ ሰው ናቸው፤ በእርሳቸው ትጋት መጽሐፉ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። ከብዙ ዘመን በኋላም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 በእንግሊዝኛ ተተርጒሞ በለንደን ወጣ። አንድ ሰው ቢጽፍ እንኳ ጽሑፉን ተረክቦ ለትውልድ የሚያስተላልፍ ወዳጅ እንደሚያስፈልገው ከዚህ እንማራለን።

ለመሆኑ ያቀረቡት ምክር ምን ሆነ? ቀስ በቀስ፣ አንዳንዱም እጅግ ዘግይቶ፣ ተፈጸመ። ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የመሬት ግብር ተወስኖ በገንዘብ እንዲከፈል ሕግ ወጣ። በ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር የአገሪቱ ገንዘብ ሆነ። ታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ። ከገበሬው ምርት ይወሰድ የነበረው አሥራት የቀረው በ1960 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም እርሳቸው ከሞቱ ከ49 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚህ መካከል ስንት ገበሬ ተወልዶ፣ አርሶና ሞቶ እንዳለፈ ለማሰብ ያስቸግራል። የተማረ ሰው ምክር በጊዜው አለመሰማቱ ዋጋ የሌለው ነገር አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ምክሩን ያልሰማው ሹም ሳይሆን ስሙ የማይጻፈው ሕዝብ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ካዛንቺስ የሚለው ስም በኢጣሊያ ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት የጣሊያንኛ አጠራር የመጣ ነው። ከዚሁ ከካዛንቺስ አጠገብ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኤኮኖሚ ኮሚሽን ይገኛል። ኮሚሽኑ የተቋቋመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ሲሆን፣ የአፍሪካ አዳራሽ የተባለው ሕንፃ ደግሞ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ። የዚህ ኮሚሽን ታላቅ እኅት የሆነችው የላቲን አሜሪካ ኮሚሽን በቺሊ አገር ትገኛለች። እዚያ ይሠሩ የነበሩት ራውል ፕሬቢሽ የተባሉ አርጀንቲናዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ገደማ፣ ጥሬ ዕቃ የሚሸጡ አገሮች የፋብሪካ ዕቃ ከሚሸጡት ጋር ሲነግዱ ጥቅሙ እኩል አይከፋፈልም ብለው ጻፉ፤ ዓለምም ይህን እንደ አዲስ ሐሳብ አድርጎ ተነጋገረበት። የድሬዳዋው ነጋድራስ ግን ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ በአማርኛ ከጻፉ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። በዚያ በረጅሙ አጥር ሥር በየማለዳው ደብተራችንን ይዘን ስናልፍ፣ በውስጡ የሚመከረው ነገር ከእኛ የራቀ ይመስለን ነበር። አሁን ግን እንደዚያ አይመስለንም።

የኤኮኖሚ ነገር ወደ ቤታችንም ሳይጠራ ገብቷል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው 1 ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚያን ጊዜ፣ አንተ ኤኮኖሚክስ ተማሪው እስኪ ይህን አስረዳን ብለው ጠይቀውናል። ብዙዎቻችን አፍረን ዝም አልን፤ በመጽሐፍ ያነበብነውን በእንግሊዝኛ እናውቀዋለን እንጂ ለእናት በሚገባ አማርኛ መናገር አቃተን። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያም አሮጌው ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት በተነሣ ጊዜ፣ አብረውን ያደጉ ጓደኞቻችን ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። አንዳንዶቹ አሁንም ሌሊት ተነሥተው በሁለትና በሦስት ታክሲ ይመጣሉ። የከተማ መሬት ዋጋ ስንት ነው? የጉልት ንግድ ከደንበኛው ሲለይ ምን ይሆናል? የመንገድ ማማርና የሰው ኑሮ እንዴት ተደርጎ በአንድ ሚዛን ይመዘናል? እነዚህ ጥያቄዎች ለፈተና ባይመጡም ለኑሮ መጥተዋል።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወትን ከሁሉ አስቀድመን የምናመሰግናቸውም በዚህ ነው። በጀርመንኛ ተምረው ሳሉ በጀርመንኛ አልጻፉም። ለባዕድ ሊቃውንት ጽፈው ሊመሰገኑበት ሲችሉ፣ የኤኮኖሚ ቃል ገና ባልተለመደበት ቋንቋ፣ ሥራ፣ ሀብት፣ ዕውቀት፣ ንግድና ግብር በተባሉ ማንም ገበሬ በሚያውቃቸው ቃላት ጻፉ። የሚናገሩት ስለ ገበሬው ስለ ነበረ፣ ገበሬው ቢነበብለት እንዲገባው ፈለጉ። እኛ ትምህርታችንን የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፈተናውንም የምንፈተነው በዚያው ነው። ይህ በራሱ ጉዳት አይደለም፤ የሰውን ዕውቀት በሰው ቋንቋ መቅሰም እርሳቸውም ያደረጉት ነው። ጉዳቱ ያወቁትን ወደ ቤት ይዞ አለመመለስ ነው። ስለዚህ በክፍላችን አንድ ውሳኔ አድርገናል። ከእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ዋና ሐሳብ እየመረጥን፣ ለወላጆቻችን በአማርኛ ወይም በየቤታችን በሚነገረው ቋንቋ አስረድተን እንመጣለን። ማስረዳት ያልቻለ ተማሪ ምዕራፉን እንዳላነበበ ይቈጠራል። እስካሁን የዋጋ ንረትንና የመተካካት ዋጋን አስረድተናል፤ በዚህም ከወላጆቻችን የተማርነው ካስተማርናቸው እንደሚበልጥ ሳንደብቅ እንናገራለን።

ውድ ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ የኤኮኖሚክስን ትምህርት መረጥሁ ቢላችሁ ከሐኪምነት የተረፈ ነገር የመረጠ አይምሰላችሁ። በበርሊን ሕክምና የተማረ አንድ የዐድዋ ልጅ የዚህን ትምህርት ነገር ለአገሩ አስፈላጊ መሆኑን አይቶ አጭር ዕድሜውን በእርሱ ላይ አሳልፏል። ውድ ታናናሾቻችን ሆይ፤ እናንተም ነገ መንገዱ ለሁለት ሲከፈልባችሁ፣ የትኛውም ወገን ብትገቡ አገሬ ለምን ደኸየች የሚለውን ጥያቄ በኪሳችሁ ይዛችሁ ግቡ። ውድ መምህራኖቻችን ሆይ፤ ከአዳም ስሚዝ ስም ጎን የእኚህንም ሰው ስም በሰሌዳው ላይ እንድትጽፉልን በትሕትና እንለምናለን።

የዐድዋው ወላጅ አልባ ልጅ በምጽዋ ወደብ መርከቡን ሊያይ የገባው በልጅነት ጉጉት ነበር። ይዞት የተመለሰው ግን ከአንድ መርከብ ጭነት የሚበልጥ ነገር ነው። እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ እያንዳንዳችን የየአቅማችንን ይዘን ወደ ሕዝባችን እንድንመለስ እየተመኘን፣ ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ በመለመን ጽሑፋችንን እንፈጽማለን።